መሠረቱን አሁን እንጣል ወይስ ክረምቱ ይለፍ?

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ 200 ካሬ ሜትር ቦታ አግኝተን ካርታውን ከተቀበልን ጥቂት ወራት ሆኖናል። ሦስት ልጆች አሉን፤ አባቴና እናቴም ከመንዝ መጥተው አብረውን እንዲኖሩ ወስነናል። ግንበኛችን «ክረምት ሳይገባ በግንቦት መሠረቱን እንጣል፤ ፕላኑ በሥራ ላይ እያለን ይደርሳል» ይለናል። የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ስለሚያሰጋን እኔም ሐሳቡን ወድጄዋለሁ፤ ባለቤቴ ግን ገና ያልተወሰነ ብዙ ነገር አለ ባይ ናት። ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት የግድ መወሰን ያለበት ምንድን ነው?
የሦስት ልጆች አባት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ የባለቤትዎ ስጋት ትክክል ነው፤ በግንቦት መሠረት ባይጥሉ ይሻላል ብዬ በግልጽ እመክርዎታለሁ። ዋናው ምክንያቴ አፈሩ ነው። በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ ባለው ደጋማ ሜዳ ብዙ ቦታ የሚገኘው ጥቁር የመረሬ አፈር ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ደግሞ ተሰብስቦ ይሰነጠቃል፤ በላዩ ያረፈውንም ቤት በየዓመቱ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። በግንቦት የተቆፈረ ቦይ የሰኔ ዝናብ ሲደርስ ውኃ ይሞላል፣ ጎኑ ይናዳል፣ ታቹም ይላቁጣል፤ ግንበኛው ተቻኩሎ በዚያ ጭቃ ላይ የሚደረድረው ድንጋይ አፈሩ በቀጣዩ በጋ ሲደርቅ አብሮት ይወርዳል።

ይህን እናቴ በምትኖርበት ቤት በዓይኔ አይቼዋለሁ። ከሳሎኑ መስኮት ግርጌ የሚነሣው ስንጥቅ በየካቲትና በመጋቢት የሳንቲም ጠርዝ እስኪያስገባ ድረስ ይከፈታል፤ ነሐሴ ላይ ግን ጥፍር እንኳ አያስገባም። ሦስት ጊዜ አስለሰንነው፤ ሦስት ጊዜም በዚያው መስመር ተመልሶ ወጣ። ኋላ እንደተረዳነው፣ ከግድግዳው ሦስት ሜትር ያህል ርቆ የቆመው ባሕር ዛፍ በበጋ ከመሠረቱ ሥር ያለውን እርጥበት ይመጥጣል፤ አሸንዳ ያልተገጠመለት ጣሪያ ደግሞ በክረምት ውኃውን እዚያው ግድግዳ ሥር ያወርዳል። ቤቱ ሲሠራ ስለ ዛፉም ሆነ ስለ ውኃው የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ መሐንዲሱ ንድፍ ከመጀመሩ በፊት በቦታው ሁለት ወይም ሦስት ማዕዘን ላይ እስከ ሁለት ሜትር ጥልቀት ያለው የሙከራ ጉድጓድ ያስቆፍሩ። ለሁለት የቀን ሠራተኞች የአንድ ወይም የሁለት ቀን ሥራ ነው። ጥቁሩ አፈር ስስ ሆኖ ከሥሩ ጠንካራ መሬት ወይም አለት ከተገኘ፣ ጥቁሩን ሙሉ በሙሉ አስወጥቶ መሠረቱን በጠንካራው ላይ ማሳረፍ ይቻላል። ጥልቅ ከሆነ ግን ምን ያህሉ ተቆርጦ በገረጋንቲ (ጠጠራማ የመሙያ አፈር) ተሞልቶ እንደሚጠቀጠቅና ምን ዓይነት መሠረት እንደሚያስፈልግ የሚወስነው መሐንዲሱ ነው፤ ይህን ለግንበኛ ልምድ ብቻ መተው የለብዎትም።

ክረምቱን ደግሞ ቦታውን ያጥኑበት። ዶፍ በጣለ ማግስት ቦቲ ጫማ አድርገው ይሂዱና ውኃው ከማን ግቢ እንደሚመጣ፣ የት እንደሚቋጥር፣ በየት በኩል እንደሚወጣ አይተው በችካል ምልክት ያድርጉ። የራስዎ ጣሪያ የሚያመነጨውም ውኃ ቀላል አይደለም፤ 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 3,000 ሊትር ውኃ ነው። ይህ ሁሉ በአሸንዳ ተሰብስቦ ወደ ታንከር ወይም ወደ መንገዱ ቦይ የሚሄድበት መስመር ከመሠረቱ ጋር አብሮ መታሰብ ይኖርበታል። ከማዘጋጃ ቤቱም የፊት ለፊቱ መንገድ ወደፊት በምን ከፍታ እንደሚሠራ ይጠይቁ፤ ኮብልስቶን ሲነጠፍ መንገዱ ከፍ ብሎ ቤቱ ጉድጓድ ውስጥ የቀረበት ሰው በየከተማችን አለ። የወለሉ ከፍታ ከመንገዱ ተነሥቶ ይወሰን።

ከውኃው ጋር የሚያያዘው የፍሳሽ ነገር ነው፤ ብዙ ጊዜ ቤቱ ካለቀ በኋላ የተረፈ ጥግ ተፈልጎለት ይቆፈራል። ጥቁር አፈር ውኃ በቀላሉ አያሰርግም፤ በመሆኑም ማስረጊያ ጉድጓድ ቶሎ ይሞላል። ሰፕቲክ ታንኩ ከቤቱ መሠረት ራቅ ብሎ በግቢው ዝቅተኛ በኩል፣ መምጠጫ መኪና ቱቦውን ሊዘረጋበት በሚችል ቦታ ይሁን። የመጸዳጃው ቧንቧ ከወለሉ ሥር የሚያልፍበት መስመርም ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት መታወቅ አለበት፤ ስለዚህ መታጠቢያው የት እንደሚሆን ሳይወሰን መሠረት መጣል አይቻልም።

ፕላኑ «እየሠራን ይደርሳል» የሚባለውን የማልቀበልበት ሌላም ምክንያት አለ። ያለ ግንባታ ፈቃድ የተጀመረ ሥራ ሊታገድ ይችላል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ የምንኖረው በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነው። በ1953 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋው ካራቆሬ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ ክፉኛ ጎድቷል፤ በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በተደጋጋሚ የተከሰተው ንዝረትም እኛ ዘንድ ድረስ ተሰምቷል። የብሎኬት ቤት በመሠረቱ ላይና በበርና መስኮቱ አናት ላይ ሳይቋረጥ የሚዞር የኮንክሪት ቢም (አግዳሚ ማሰሪያ)፣ ከኮለኖቹም (ከቋሚ ምሰሶዎቹ) ጋር በሚገባ የታሰረ ፌሮ ያስፈልገዋል። ይህ በወረቀት ላይ ተሥሎ ካልተሰጠ ግንበኛው በግምት ነው የሚሠራው።

ወደ ክፍሎቹ ስንመጣ፣ ከወላጆችዎ ክፍል ይጀምሩ። በደብረ ብርሃን ከባዱ ብርድ ከኅዳር እስከ ጥር ነው፤ በእነዚህ ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ስለዚህ የእነርሱ መኝታ ቤት መስኮት ወደ ደቡብ ወይም ወደ ምሥራቅ ቢዞር የጧት ሙቀት ያገኛሉ። መታጠቢያቸው ከክፍላቸው ጎን፣ መግቢያው ያለ ደረጃና ያለ ከፍታ፣ የበሩም ስፋት 90 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ በዱላ ወይም በተሽከርካሪ ወንበር መሄድ ቢያስፈልግ ግድግዳ ማፍረስ አይኖርም። ቆርቆሮው ሌሊት ብርድ ስለሚያስተላልፍ ኮርኒስ ለክፍላቸው ቅንጦት አይደለም። እናትዎ በማገዶና በኩበት መጋገር የለመዱ ከሆነ ማድ ቤቱ ከዋናው ቤት ተለይቶ ጢሱ ወደ መኝታ ቤት በማይመጣበት በኩል ይሠራ፤ በኤሌክትሪክ ምጣድ የምትጋግሩ ከሆነ ደግሞ ከፍተኛ ኃይል ስለሚስብ የራሱ ወፍራም ሽቦና የራሱ ብሬከር ያለው መስመር ከወዲሁ ይዘርጋለት።

ስለ ዋጋው ያለብዎት ስጋት ይገባኛል። የመሠረት ድንጋይና ፌሮ ገዝቶ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ፌሮው ከመሬት ተነሥቶ በእንጨት ላይ ይደርደር፣ ይሸፈንም። ሲሚንቶ ግን አይግዙ፤ በተለይ በክረምቱ እርጥበት ከተከማቸ ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ይጓጉላል፣ ጉልበቱንም ያጣል። ፕላኑንና ፈቃዱን በክረምቱ ጨርሰው ቁፋሮውን መሬቱ ሲጠነክር በኅዳር ቢጀምሩ፣ ከሰኔ በፊት ቆርቆሮ ለማልበስ በቂ ጊዜ አለ። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ትኩስ ኮንክሪትን ስለሚጎዳ አመሻሽ ላይ በጆንያ ወይም በላስቲክ ይሸፈን፤ ቀን ቀን ደግሞ ቢያንስ ለሰባት ቀን ውኃ ይጠጣ። ቧንቧው ተዘርግቶ ሳይሸፈን፣ ሜትር ከጎኑ አስቀምጠው እያንዳንዱን መስመር በስልክዎ ፎቶ ያንሡት፤ ከዓመታት በኋላ አንዱ ቢያፈስ የትኛውን ሴራሚክ ማንሣት እንዳለብዎት የሚነግርዎት እርሱ ነው።