መልስ፦ የካንቫስባክ ስም ከየት መጣ?
ካንቫስባክ የተባለው ጠላቂ ዳክዬ ለምን እንዲህ እንደተጠራና «ቫሊሲኔሪያ» የሚለው ሳይንሳዊ ስሙ ከየት እንደመጣ ጠይቀዋል። የመጀመሪያው ቀላል ነው፤ በእንግሊዝኛ ትርጉሙ «ሸራ ጀርባ» ነው። የወንዱ ጀርባ ነጣ ያለና በደቃቅ መስመሮች የተሞላ በመሆኑ ሸራ ይመስላል።

ሁለተኛው ግን ረጅም መንገድ የተጓዘ ስም ነው። ይህ የሰሜን አሜሪካ ዳክዬ በቀዝቃዛው ወራት ውኃ ውስጥ እየጠለቀ ቫሊስኔሪያ የሚባለውን ተክል እምቡጥና ሥር ከጭቃው ቆፍሮ ይበላል። ተክሉ ደግሞ የተሰየመው በጣሊያናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ በአንቶኒዮ ቫሊስኔሪ ነው። እንግዲህ ምግቡ በላተኛውን ሰየመው! የወፎች ተመራማሪው አሌክሳንደር ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1814 ለዳክዬው ስሙን ሲያወጣለት በላቲን ፊደል አንዱን «ኤል» ገድፎ «አይ» ጨመረበት። በስም አሰጣጥ ደንብ የመጀመሪያው አጻጻፍ ስለሚጸና ግድፈቱ እስከ ዛሬ አለ።