መሠረት ሲቆፈር ሳንቲም ወጣ፤ የማን ነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ነው። አክሱም ከተማ፣ በእናቴ ግቢ ውስጥ ቤት እያሠራሁ ነው። ባለፈው ሳምንት ለመሠረት ሲቆፈር ሁለት ሜትር ገደማ ላይ የጥርብ ድንጋይ ግድግዳ ብቅ አለ። አጠገቡ፣ ከሸክላ ስብርባሪ ጋር፣ 11 ትናንሽ የመዳብ ሳንቲሞች ተገኙ። ፎርማኑ «ለማንም ሳንናገር ቤቶን እንሙላበት፤ ከሰሙ ቦታውን ይወስዱታል» ይላል። የአክስቴ ልጅ ደግሞ «ሳንቲሞቹን ይዤልህ ልምጣ» ትለኛለች። ከመሬታችን የወጣ የእኛ አይደለም ወይ?

መልስ፦ ይህን እንዳነበቡ መጀመሪያ ለአክስትዎ ልጅ ይደውሉላት። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ወንጀል ነው። ለእርስዎ ደስታ ብላ ቦሌ ላይ እንዳትያዝ።

«ከመሬታችን የወጣ የእኛ ነው» የሚለው አባባል ከሜዳ የመጣ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1159 ስለ ተቀበረ ሀብት ይናገራል። ከ50 ዓመት ያላነሰ የተቀበረና ባለቤት ነኝ ባይ የሌለው ዕቃ ለተገኘበት ንብረት ባለቤት ይሆናል ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ማንበቡን ያቆማል። ቀጥሎ ያለው ቁጥር 1160 ግን ስለ ጥንታዊ ዕቃዎችና ቁፋሮ የወጡ ልዩ ሕጎች እንደተጠበቁ ናቸው ይላል። ልዩ ሕጉ ዛሬ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ነው። መሬቱም ቢሆን በሕገ መንግሥቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው። የእናትዎ መብት የይዞታ መብት ነው።

የእርስዎ ጉዳይ በቅርስ አዋጁ አንቀጽ 41 ላይ ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል። በግንባታ፣ በመንገድ ሥራ ወይም በማዕድን ፍለጋ ቁፋሮ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ ለባለሥልጣኑ ማሳወቅ አለበት። ባለሥልጣኑ እስኪረከበውም ድረስ ባለበት ሁኔታ መጠበቅ አለበት። ባለሥልጣኑ የዛሬው የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ነው። ስለዚህ በግድግዳው በኩል ያለው ቁፋሮ ይቁም። «እስኪ ትንሽ ገፋ አድርገን እንየው» የሚባል ነገር የለም። ቅርስ ፈልጎ መቆፈር ራሱን የቻለ ፈቃድ ይጠይቃል።

ፎርማኑ ያለው ቤቶን ከሁሉም የከፋው ነው። አውቆ ቅርስ ያጠፋ ሰው በዓመታት የሚቆጠር ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። ምስጢር ይቆያል ብለውም አይመኑ፤ ጉድጓዱን የቀን ሠራተኛው ሁሉ አይቶታል።

ከተማው አክሱም መሆኑንም አይርሱ። ከሮም የተመለሰው ሐውልት መልሶ ሊተከል ሲጠና በአካባቢው ከመሬት በታች መቃብሮች እንዳሉ ታወቀ። በ1997 የገባው ሐውልት የቆመው በ2000 ዓ.ም. ነው። በግዕዝ፣ በሳባና በግሪክ የተጻፈውን የንጉሥ ኢዛና ድንጋይም በአጋጣሚ ያገኙት ገበሬዎች ናቸው። ግቢዎ የተከለለ የቅርስ ክልል ውስጥ ከሆነ ደግሞ አንቀጽ 42 ይመጣል፤ እዚያ ገና ከመቆፈር በፊት የባለሥልጣኑ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። የግንባታ ፈቃድዎን ለአንድ ጠበቃ ያሳዩ።

አሁን ዋናው ነገር ወረቀት ነው። በስልክ «ነግረናቸዋል» ማለት አያድንም። እናትዎ ወይም ውክልና የሰጡት ሰው በጽሑፍ ያመልክት፤ ለባለሥልጣኑ፣ ግልባጩን ለከተማው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት። ቀኑን፣ ጥልቀቱን፣ የሳንቲሙን ቁጥር ይጻፉ፤ ፎቶ ያያይዙ። ቅጂው ላይ የገቢ ማኅተም ያስመቱ። ምክንያቱም ባለሥልጣኑ በ6 ወር ውስጥ ተገቢውን እርምጃ ካልወሰደ፣ ሁኔታውን ዘርዝረው ለክልሉ መንግሥት ኃላፊ በጽሑፍ በማሳወቅ ከጥበቃ ኃላፊነቱ ነፃ መሆን ይችላሉ። ማኅተም ከሌለ 6 ወሩ ከመቼ ይቆጠራል? ነፃ መሆን ማለት ግን ግድግዳውን ማፍረስ ይቻላል ማለት አይደለም።

ቦታው ይወሰዳል ወይ? ሊወሰድ ይችላል፤ ግን ሁልጊዜ አይደለም። ተመዝግቦ ግንባታው የሚቀጥልበት፣ ዲዛይኑ ትንሽ የሚገፋበት መንገድም አለ። ለሕዝብ ጥቅም ይለቀቅ ከተባለም በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ካሣ ይከፈላል።

ስለ ወጪ ሐቁን ልንገርዎ። አንቀጽ 41 ላስረከበ ሰው ተገቢ ሽልማት እንዲሰጥና ለጥበቃው ያወጣው ወጪ እንዲተካ ያዛል። የዘበኛ ደመወዝ፣ የላስቲክና የቆርቆሮ ደረሰኝ አይጣል። ሥራው በመዘግየቱ የሚጨምረው የሲሚንቶ ዋጋ ግን በዚህ አንቀጽ ውስጥ የለም። በእኔ አስተያየት የሕጉ ደካማ ጎን ይሄ ነው፤ ሰው ዝም የሚለው ለዚህ ነውና። ከኮንትራክተሩ ጋር ያለዎትን ውል ያንብቡ፤ ሥራው የቆመበትን ምክንያትም በደብዳቤ ያሳውቁት።

ሳንቲሞቹን በሎሚም በአሸዋም እንዳያስፈትጓቸው። ከነአፈራቸው በወረቀት ተጠቅልለው፣ የተገኙበት ቦታ ተጽፎባቸው እናትዎ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆልፉባቸው። ከግድግዳው አጠገብ የተገኘ ሳንቲም የግድግዳውን ዘመን ሊናገር ይችላል፤ የንጉሡ መልክና ጽሑፉ ተፍቆ ከጠፋ ግን ምንም አይናገርም።