የተቆጠረው ጎዝ፣ ያልተቆጠረው ግንብ

ልጆቼ፣

አለቀለት ከተባለ በኋላ ስላሸነፈ ሰው ብዙ ሰምታችኋል። ወሬው ግን ሁልጊዜ የሚመጣው ካሸናፊው ወገን ነው። እኔ ማዶ ነበርኩ። ያሸነፍኩትን የቼዝ ጨዋታ የተሸነፍኩት እኔ ነኝ።

ክረምት ነው፤ እዚሁ ጎንደር። ዝናቡ የአዳራሹን ቆርቆሮ ይደበድባል። ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ከማራኪ ግቢ የመጣ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበር። 17ኛው እርምጃ ላይ ከጠጠሮቹ ሁሉ ኃይለኛዋን፣ ንግሥቱን፣ በስሕተት አስበላ፤ በምትኩ ያገኘው አንድ ፈረስ ብቻ። እጅ ይሰጣል ብዬ ጠበቅሁ። አልሰጠም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ተናደድኩ። ልጅ ሆኖ የአሮጊት ጊዜ ያባክናል አልኩ በልቤ።

ቼዝ የተማርኩት በ1970ዎቹ ነው። የሕክምና ፋኩልቲው ሲቋቋም ከላይፕዚግ ከመጡት ጀርመኖች አንዱ በአዳር ተረኝነት ሌሊት አስተማረኝ። «የመጨረሻዋን መደዳ አትርሺ» ይለኝ ነበር። ንጉሥ ከሦስት ወታደሮቹ ኋላ ተሸሽጎ ሲቀመጥ፣ የሚጠብቀው ከሌለ ያው ወታደሮቹ እስር ቤት ይሆኑበታል። ይህን አርባ ዓመት ሙሉ አውቄዋለሁ።

ልጁ በጨዋታው ሰዓት 4 ደቂቃ ቀርቶታል፣ እኔ ከ30 በላይ አለኝ። ታዲያ በኔ ሰዓት እንዳያስብ ብዬ እኔም መሮጥ ጀመርኩ። በአያቶቻችን ቼዝ፣ በሰንጠረዥ፣ መጀመሪያው ወረራ ነበር፤ አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ ተራ ሳይጠብቁ ሁለቱም ያንቀሳቅሳሉ። እኔ ወረራውን መጨረሻ ላይ አመጣሁት። ግንቡን፣ ቀጥ ብሎ የሚሄደውን ጠጠር፣ ወታደር ወዳልዘጋው መስመር ሲያዛውር አየሁት፤ የሚያደርገው ቢያጣ ነው ብዬ አለፍኩት። የጎንደር ሰው ሆኖ ግንብ መናቅ! ከሦስት እርምጃ በኋላ አንዲት ትርፍ ወታደር ለመብላት ንግሥቴን ከመጨረሻዋ መደዳ ዘብነቷ አነሣኋት። ግንቡ ወርዶ የመጨረሻዋ መደዳ ላይ ተቀመጠ። ቼክሜት።

ኦፕራሲዮን ክፍል 31 ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ። ሆድ ከመዘጋቱ በፊት፣ ውስጥ የቀረ እንዳይኖር፣ ደም የምንጠርግበት ጎዙም መቀሱም ይቆጠራል። ሐኪሙ ቢቸኩል፣ ቢቆጣ፣ ቁጥሩ እስኪገጥም ጠብቅ የምለው እኔ ነበርኩ። ኦፕራሲዮኑ አማረ ብሎ ቆጠራ የሚተው ነርስ አላውቅም። ሰሌዳው ፊት ግን እኔው ተውኩት። የሚቀናችሁ ልጆች፣ ይህን ለእናንተ ነው የምጽፈው፤ ሲቀናችሁ የምትተዉት የመጀመሪያው ነገር ምን እንደሆነ ለዩ። የኔ ቆጠራ ነበር።

የከፋችሁን ደግሞ «ተስፋ አትቁረጡ» ብዬ አልሸኛችሁም። ይሄ ልጅ በተስፋ አላሸነፈኝም። ከቀሩት ነገሮች የተሻለችውን ለይቶ፣ እኔ ስሳሳት በምትጠቅምበት ቦታ አስቀመጣት። ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ሲንጋፖር ላይ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና የመጨረሻ ጨዋታም ብዙዎች አቻ ሲጠብቁ የ18 ዓመቱ ህንዳዊ ጉኬሽ መግፋቱን አላቆመም፤ ሻምፒዮኑ ዲንግ ሊረን 55ኛው እርምጃ ላይ ግንቡን ያለቦታው አኖረና ዘውዱን አጣ። ዲንግን የመሰለ ሰው! እኔማ ምን ይገርማል።

ከጨዋታው በኋላ ልጁ አንገቱን ደፍቶ «ሲስተር፣ ይቅርታ» አለኝ። የምን ይቅርታ አልኩና ፒያሳ ወስጄ ማኪያቶ ጋበዝኩት። ስኳሩን ወታደር፣ ማንኪያውን ግንብ አድርጎ አሳየኝ። «ንግሥትዎ እስክትነሣ ነበር የምጠብቀው። ያቺን የዳር ወታደር አንድ ቢገፏት ኖሮ ንጉሥዎ መውጫ ነበረው» አለ። ጨዋታውን ሊያጠናው ፈልጎ እርምጃ የጻፍኩበትን ወረቀት ጠየቀኝ። አልሰጠሁትም፤ ከ30ኛው እርምጃ በኋላ ጽሑፌ አይነበብም።