ጥያቄና መልስ፦ ጨቋኙ መንግሥት ነው፤ የውጭው ኩባንያ ምን አገባው?

የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች፣ ሙያዬ የኩባንያዎች ተጠያቂነት ነውና ጠይቁኝ። አስቀድሜ ግን፦ ወረቀታችሁን አትጣሉ። ውል፣ የደመወዝ ደረሰኝ፣ ሁሉንም።

የጦሳ ልጅ፦ ጋሼ፣ ኩባንያው የአገሩን ሕግ ካከበረ ምን አጠፋ?

መልስ፦ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ምክር ቤት በ2011 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው መርህ መልሶታል። መንግሥት ዜጋውን ይጠብቅ፣ ኩባንያ መብት ያክብር፣ የተጎዳ ይካስ። መንግሥት የራሱን ድርሻ ቢተው የኩባንያው አይቀርለትም።

ጎረቤታችንን ኤርትራን እዩ። የቢሻ ማዕድን አብላጫ ድርሻ የካናዳው ኔቭሰን ኩባንያ ነበር። ኤርትራውያን በብሔራዊ አገልግሎት ስም ተገደን እዚያ ሠራን፣ ተሰቃየን ብለው በ2014 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ ከሰሱ። ኩባንያው አስተባበለ። የሌላ አገር መንግሥት ሥራ እዚህ አይዳኝም ብሎም ተከራከረ። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በየካቲት 2020 እ.ኤ.አ. ይህን ክርክር ጣለው፤ ሰባት ዳኞች ለሁለት። ልብ በሉ፣ በደሉ ተፈጽሟል ብሎ አልፈረደም። ክሱ ይሰማ ነው ያለው። በዚያው ዓመት በስምምነት አለቀ። ስደተኛ ሠራተኛ እዚያ ድረስ መሄድ ከቻለ፣ «መንግሥት ነው ያዘዘኝ» የሚል ማምለጫ ጠቧል ማለት ነው። ለእኔ ትልቁ ነገር ይኼ ነው።

ከሐይቅ፦ ቻይና ውስጥስ?

መልስ፦ ሰፊ ነው። ምኑን?

ከቦርከና ማዶ፦ ኩባንያ መክሰስ ይቻላል ወይ?

መልስ፦ ከላይ ጽፌዋለሁ። እባካችሁ አንብባችሁ ጠይቁ።

የጦሳ ልጅ፦ ኩባንያዎች መንግሥቱ ጨቋኝ ከሆነበት አገር ለቀው ቢወጡ አይሻልም?

ከሐይቅ፦ እህቶቻችን ምን ይብሉ? በ2022 እ.ኤ.አ. ከአጎዋ፣ ያለ ቀረጥ ለአሜሪካ ከምንሸጥበት ዕድል፣ ስንወጣ የተጎዳችው ልብስ ሰፊዋ ናት።

የጦሳ ልጅ፦ እና ለእንጀራ ሲባል ዝም ይባል?

ከሐይቅ፦ ዝም በሉ አላልኩም! የተበደለችዋን መጀመሪያ ጠይቋት ነው ያልኩት።

መልስ፦ ሐይቅ ልክ ነው። ግን ይብቃችሁ፣ ጥያቄ የሚጠብቁ አሉ።

የልብስ ሰፊ፦ አንድ ፋብሪካ ነው የምሠራው። የትርፍ ሰዓት አይከፍሉንም። ምን ላድርግ ጋሼ?

መልስ፦ እህቴ፣ የሠራሽበትን ሰዓት በየቀኑ ጻፊ። ወረቀትሽን ያዢ፤ ደግሜ ልበለው። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ዘንድ ከሌሎቹ ጋር ሆናችሁ ሂዱ። የምትሰፊው ልብስ አንገት ላይ ያለውን የምርት ስምም መዝግቢ። ገዢው ኩባንያም ይጠየቃል፤ በብዙ አገሮች ያለ ጠበቃ አቤቱታ የሚቀበል ቢሮ አለ። የፋብሪካውን ስም እዚህ አትጻፊ፣ በውስጥ ላኪልኝ።