የአንባቢያን ጥያቄ፦ ዋንጫውን ያጣ ቡድን አንደኛ ሊባል ይችላል?

ጥያቄ፦ ከደሴ፣ ሆጤ አካባቢ የምጽፍ አንባቢያችሁ ነኝ። በየዓመቱ ለዒድ ከአሜሪካ የሚመጣ የአክስቴ ልጅ አለ። በመጣ ቁጥር የዚያን ሀገር ፉትቦል ሲያወራልኝ ስለሚያመሽ እኔም ሳላስበው የጨዋታው ወዳጅ ሆኛለሁ። ዘንድሮ ግን አልተስማማንም። እርሱ እ.ኤ.አ. በ2007 ከተወዳደሩት ቡድኖች ሁሉ ጠንካራው ኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ ነው ይላል፤ እኔ ደግሞ በፍጻሜው በኒው ዮርክ ጃያንትስ 17 ለ 14 የተረታ ቡድን እንዴት አንደኛ ይባላል ብዬ ሞገትኩት። ክርክሩ ከፒያሳ ተነስቶ ሀረጎን ወርደን ኮምቦልቻ እስክንገባ አላለቀም፤ የሚኒባሱ ተሳፋሪ የርስት ሙግት የያዝን ሳይመስለው አልቀረም። በጥሎ ማለፉ ማን ማንን እንደጣለ ተከትዬ ያወጣሁትን ደረጃ በካሬ ደብተር ላይ ሠርቼ ልኬላችኋለሁ፦ ጃያንትስ፣ ፓትሪየትስ፣ ግሪን ቤይ ፓከርስ፣ ሳን ዲዬጎ ቻርጀርስ፣ ዳላስ ካውቦይስ። ተሳስቼ ከሆነ የእናንተን ደረጃ ከነምክንያቱ አስረዱኝ።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በማስመሪያ አስምረው የላኩት ሠንጠረዥ ደርሶኛል፤ ጃያንትስ ከሚለው ስም ሥር በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ ማስመርዎንም አይቻለሁ። ሆኖም በክርክሩ የአክስትዎ ልጅ ይበልጥ ወደ እውነቱ የቀረበ ይመስለኛል።

የእርስዎ ስሌት የቆመው ማን ማንን ጣለ በሚለው ላይ ነው። ይህ መንገድ ጥቂት ካስኬደ በኋላ ዞሮ ወደተነሳበት ይመለሳል። ጃያንትስ በጥር ወር ዳላስን 21 ለ 17 ጥሎታል፤ ዳላስ ግን ያንኑ ጃያንትስ በመደበኛው ውድድር ሁለት ጊዜ ገጥሞ 45 ለ 35 እና 31 ለ 20 ረትቶት ነበር። ፓከርስም በጥር ከመሸነፉ በፊት በመስከረም ጃያንትስን 35 ለ 13 አሸንፏል። ኢንዲያናፖሊስ ኮልትስ ደግሞ ከ16 ጨዋታዎች 13ቱን ያሸነፈ ቡድን ሆኖ ሳለ፣ በመጀመሪያው የጥሎ ማለፍ ጨዋታ በሜዳው በቻርጀርስ 28 ለ 24 በመረታቱ ብቻ ከሠንጠረዥዎ ውስጥ ስሙ ጠፍቷል።

በእኛ ሀገር ሊግ እያንዳንዱ ቡድን ሌላውን ሁሉ በሁለት ዙር ስለሚገጥም የመጨረሻው ሠንጠረዥ ብዙም አይዋሽም። በአሜሪካው ሊግ ግን በዚያ ዓመት 32 ቡድኖች በ8 ምድብ ተከፍለው እያንዳንዳቸው 16 ጨዋታ ብቻ አድርገዋል፤ የምድብ ባላንጣዎቻቸውን ሁለት ሁለት ጊዜ ሲገጥሙ፣ ከሊጉ ቡድኖች ከግማሽ የሚበልጡትን ጭራሽ አላገኟቸውም። ስለዚህ ስንት ጊዜ አሸነፈ ከሚለው ቀጥሎ በስንት፣ ማንን እና መቼ የሚሉትን መመርመር የግድ ይሆናል። እኛ የግብ ክፍያ የምንለው ነገር እነርሱ ዘንድ የነጥብ ልዩነት ነው፤ አንድ ታችዳውን (ኳሷን እስከ ተጋጣሚው የመጨረሻ ክልል ማድረስ) 6 ነጥብ፣ ከእርሱ በኋላ የሚመታው ምት 1፣ ፊልድ ጎል የሚባለው ምት ደግሞ 3 ነጥብ ያስገኛሉ።

በዚህ መለኪያ ፓትሪየትስን የሚጠጋ የለም። 16ቱንም ጨዋታዎች አሸንፎ 589 ነጥብ ሲያስቆጥር የተቆጠረበት 274 ነው፤ ልዩነቱ 315 ነው። ቀጥሎ ያለው የኮልትስ 188፣ የፓከርስ 144፣ የዳላስ 130፣ የቻርጀርስ 128 ሲሆን የሻምፒዮኑ የጃያንትስ 22 ብቻ ነው። ኳርተርባኩ፣ ማለትም ጥቃቱን የሚመራውና ኳሷን ለጓደኞቹ የሚወረውረው ተጫዋች፣ ቶም ብሬዲ 50 የታችዳውን ኳሶችን አቀብሏል፤ ከእነዚህም 23ቱን የያዘው ራንዲ ሞስ ነው።

ይሁን እንጂ ድምሩን ብቻ ማየት አላረካኝም፤ ውጤቶቹን በየተራ ጽፌ ለሁለት ከፈልኳቸው። በመጀመሪያዎቹ 8 ጨዋታዎች ትንሹ የማሸነፊያ ልዩነት 17 ነጥብ ነበር፤ ዋሽንግተንን 52 ለ 7 ያሸነፈውም በዚሁ ጊዜ ነው። በኋለኞቹ 8 ግን ኮልትስን በ4፣ ፊላዴልፊያን በ3፣ ባልቲሞርን በ3፣ በመጨረሻም ጃያንትስን 38 ለ 35 በ3 ነጥብ አሸነፈ። የመጀመሪያው አጋማሽ ልዩነት 204 ሲሆን የሁለተኛው 111 ነው። በመካከሉ ቡፋሎን 56 ለ 10 ያደቀቀበት ጨዋታ ባይኖር ኖሮ የሁለተኛው አጋማሽ ቁጥር ከዚህም ባነሰ ነበር። በፍጻሜው የሆነው ነገር ዱብ ዕዳ ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ሳያዩ የቀሩ ይመስለኛል።

የምድቡ ነገርም አለ። የፓትሪየትስ ሦስት የምድብ ባላንጣዎች በድምሩ 48 ጨዋታ አድርገው ያሸነፉት 12ቱን ብቻ ነው፤ የጃያንትስና የዳላስ ምድብ ግን ከግማሽ በታች ያሸነፈ አንድም ቡድን አልነበረውም። ይህን ባየሁ ጊዜ ልቤ ወደ እርስዎ ወገን ሊሸፍት ቃጥቶ ነበር። የመለሰኝ ፓትሪየትስ ያንን ጠንካራ ምድብ አራቱንም ቡድኖች ገጥሞ አራቱንም ማሸነፉ ነው፤ ዳላስን በገዛ ሜዳው 48 ለ 27 ረትቷል። ኮልትስንም እንዲሁ ሜዳው ድረስ ሄዶ አሸንፏል።

ፍጻሜው የተደረገው ጥር 25 ቀን 2000 ዓ.ም. በአሪዞና ግዛት በግሌንዴል ከተማ ሲሆን በእኛ ሰዓት ሌሊቱ ከተጋመሰ በኋላ ነበር። ጃያንትስ ያሸነፈው በፊት መስመር ተከላካዮቹ ነው፤ በ16 የመደበኛ ጨዋታዎች 21 ጊዜ ብቻ ኳስ እንደያዘ የተጣለውን ብሬዲን በአንድ ምሽት 5 ጊዜ ጣሉት። በአማካይ 37 ነጥብ ገደማ ያስቆጥር የነበረው ቡድንም በ14 ቀረ። ከአንድ ደቂቃ ጥቂት በሚበልጥ ቀሪ ጊዜ የጃያንትሱ ኳርተርባክ ኢላይ ማኒንግ በተከላካዮች ተከቦ፣ ማሊያው ተይዞ እየተጎተተ ሾልኮ ወጣና ኳሷን ወደ ላይ ወረወራት። በመደበኛው ውድድር 4 ኳስ ብቻ የያዘው ዴቪድ ታይሪ ዘሎ ቀለባት፤ ተከላካዩ እጁን ሲመታው ኳሷን በአንድ መዳፉ ከሄልሜቱ ጋር አጣብቆ፣ መሬት ሳያስነካ በጀርባው ወደቀ። ጥቂት ቆይቶም 35 ሰከንድ ሲቀር ፕላክሲኮ በረስ የማሸነፊያውን ታችዳውን አስቆጠረ። ይህ ታላቅ ጀግንነት ነው፤ ነገር ግን ያች ኳስ ከሄልሜቱ ተንሸራትታ ቢሆን ኖሮ እርስዎ ጃያንትስን አንደኛ ባላሉት ነበር። አምስት ወር የተለካ ጥንካሬ በአንዲት ኳስ መንሸራተትና አለመንሸራተት አይገለበጥም።

እንግዲህ የእኔ ደረጃ ይህ ነው። አንደኛ ፓትሪየትስ፣ ሁለተኛ ኮልትስ። ኮልትስ በመደበኛው ውድድር የተሸነፈባቸው ሦስት ጨዋታዎች ልዩነታቸው ሁሉ ቢደመር 12 ነጥብ ነው፤ ከእነርሱም የመጨረሻው ዋና ተጫዋቾቹን ባሳረፈበት ቀን የደረሰ ነው። ለቻርጀርስ ሁለት ጊዜ እጅ መስጠቱን አልዘነጋሁም፤ ሆኖም አንዱን በ2፣ ሌላውን በ4 ነጥብ ነው የተረታው። ሦስተኛ ጃያንትስን አደርጋለሁ። ይህን ያደረግሁት ለዋንጫው ክብር ብዬ አይደለም፤ ከመጀመሪያው የዳላስ ሽንፈት በኋላ ከሜዳው ውጭ ያደረጋቸውን ጨዋታዎች ሁሉ ስላሸነፈ ነው። ከእነርሱም ትልቁ በጥምቀት ዕለት በግሪን ቤይ ያደረገው ነው፤ ብርዱ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ገደማ ነበርና የደሴን ብርድ እናውቃለን የምንል ሰዎች እንኳ አፍ የለንም። መቺው ሎረንስ ታይንስ በመጨረሻው ሩብ ሁለት ኳስ ስቶ፣ በጭማሪው ሰዓት ከ43 ሜትር ገደማ መትቶ 23 ለ 20 አሸነፉ።

አራተኛ ዳላስ፣ አምስተኛ ፓከርስ፤ በሁለቱ መካከል ብዙ አልምልም። ፓከርስ በነጥብ ልዩነት ይበልጣል፤ ዳላስ ግን ከከበደ ምድብ ወጥቶ እርስ በርስ ሲገናኙም 37 ለ 27 አሸንፏል፤ ፓከርስ ደግሞ ከግማሽ በላይ ጨዋታውን በተሸነፈው በቺካጎ ቤርስ ሁለት ጊዜ ተረትቷል። ቻርጀርስን ስድስተኛ አድርጌዋለሁ፤ ከመጀመሪያዎቹ 4 ጨዋታዎች 3ቱን ተሸንፎ የጀመረ ቡድን ነው።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ የተላከ። ለመሆኑ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይሸነፍ ዋንጫ የወሰደ ቡድን አለ?

መልስ፦ በሱፐር ቦውል (የሊጉ የፍጻሜ ጨዋታ) ዘመን አንድ ብቻ አለ፤ እርሱም እ.ኤ.አ. የ1972ቱ ማያሚ ዶልፊንስ ነው። በአሠልጣኝ ዶን ሹላ መሪነት 14ቱን የመደበኛ ጨዋታዎችና ፍጻሜውን ጨምሮ ሦስቱን የጥሎ ማለፍ ጨዋታዎች አሸንፎ፣ በፍጻሜው ዋሽንግተንን 14 ለ 7 ረትቷል። የነጥብ ልዩነቱ 214 ስለነበር በአንድ ጨዋታ 15 ያህል ይደርሳል፤ የፓትሪየትስ ደግሞ 20 ይጠጋል። ሁለቱን በአንድ ሠንጠረዥ አስቀምጥ ብባል ግን ማያሚን አስቀድማለሁ፤ ከላይ ለጠያቂያችን የተከራከርኩት በአንድ ዓመት ውስጥ ስላሉ ቡድኖች እንጂ፣ 17 ጊዜ ተጋጥሞ አንዴም ስላልወደቀ ቡድን አልነበረምና። የሚያስገርመው ይኸው ማያሚ በ2007 ከ16 ጨዋታ ያሸነፈው አንዱን ብቻ መሆኑ ነው፤ ፓትሪየትስም በዚያው ዓመት 49 ለ 28 እና 28 ለ 7 ሁለት ጊዜ አሸንፎታል።