«ሐና» ወይስ «ሃና»?

ጥያቄ፦ ለልጄ ለሐና ልደት ስሟ በአማርኛና በዕብራይስጥ የታተመበት የስልክ ከቨር ላሠራላት ፈልጌ ነበር። አታሚው «በየትኛው ሀ ልጻፈው?» ቢለኝ መልስ አጣሁ። ከሥሩ ትርጉሙንም ማስጻፍ እፈልጋለሁ፤ «ጸጋ» ልበል?

መልስ፦ በሐመሩ «ሐ» ያስጽፉት። አማርኛ ሃሌታውን «ሀ»፣ ሐመሩን «ሐ» እና ብዙኃኑን «ኀ» በአንድ ድምፅ ስለሚያነብ «ሃና» ተብሎ ቢጻፍም ተሳስቶ የሚያነበው የለም፤ የልደት ምስክር ወረቀቷ በሌላው «ሀ» ተጽፎ ከሆነም ለማስለወጥ መድከም አያስፈልግዎትም። ነገር ግን የዕብራይስጡ ስም የሚጀምረው ሔት በተባለው ፊደል ነው፤ የዚህ ስም ሔት በግእዝ ፊደል አቻው ትግርኛ ተናጋሪዎች ዛሬም ከጉሮሮ አውጥተው የሚለዩት ሐመሩ «ሐ» ነው። ይኸው «ሐ» በዘመዶቹም ውስጥ ይገኛል፤ «ዮሐንስ» እና ከዐረብኛ የመጣው «ሐናን» ከዚያው ሥር የወጡ ናቸው። ሦስተኛው ዘመዳቸው «አናንያ» ግን በግሪክኛ በኩል ዞሮ ስለመጣ «ሐ»ውን በመንገድ ጥሎታል። ሐና የያዘችውን ፊደል እኛ ባናስጥላት እወዳለሁ።

ስለ ትርጉሙ ከጠየቁኝ፣ «ጸጋ» ስሕተት ባይሆንም እኔ «ሞገስ» የሚለውን እመርጣለሁ። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 1 ላይ ልጅ ያጣችው ሐና ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች ስትጸልይ ካህኑ ዔሊ የሰከረች መስሎት ይገሥጻታል፤ ነገሩን ተረድቶ በሰላም ሲያሰናብታት ግን በቁጥር 18 በፊቱ ሞገስ እንድታገኝ ትለምነዋለች። በዚያ ቦታ ዕብራይስጡ የሚጠቀምበት ቃል «ሔን» ነው፤ ስለዚህ ቋንቋውን የሚያውቅ አንባቢ በልመናዋ ውስጥ የራሷን ስም ይሰማል። ኖኅ በእግዚአብሔር ፊት ሞገስ አገኘ የተባለውም በዚሁ ቃል ነው።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው የዕብራይስጡ ኅትመት ነው። ስሙ ከቀኝ ወደ ግራ የሚነበቡ ሔት፣ ኑን እና ሄ የተባሉ ሦስት ፊደላት ብቻ ናቸው፤ የመጨረሻው ሄ ስለማይነበብ በአማርኛ «ሐናህ» አይባልም። ሔትና ሄ በመልክ እጅግ ይቀራረባሉ፦ የሔት ግራ እግር ከጣሪያው ጋር ተጋጥሟል፣ የሄ ግራ እግር ግን ከጣሪያው በጠባብ ክፍተት ተለይቷል። በመጀመሪያው ፊደል ላይ ያቺ ክፍተት ከታየች የልጅዎ ስም ጠፍቶ «እነሆ» የሚል ቃል ይነበባል። የአታሚው ኮምፒውተር ፊደላቱን ከግራ ወደ ቀኝ ከገለበጣቸው ደግሞ «ተው» ወይም «አስቀምጥ» የሚል ትእዛዝ ይወጣል። ስለዚህ ከመታተሙ በፊት ናሙናውን ይጠይቁና አጉልተው ይመልከቱት፤ በስተቀኝ ያለው ፊደል ግጥም ያለ፣ በስተግራ ያለው ክፍተት ያለው ከሆነ ያሳትሙት።