ያገለገለ የሶፍትዌር ቁልፍ መሸጥ ይቻላል? ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ላፕቶፕ የሚሸጠውም የሚገዛውም ሰሞኑን የሚጠይቀኝ ስለ ቁልፍ ነው። ዊንዶውስን የመሰለ ሶፍትዌር ሥራ እንዲጀምር የሚጠየቀው፣ ያ በአምስት በአምስት የተከፋፈለው 25 ፊደልና ቁጥር ማለቴ ነው። የመጡትን ጥያቄዎች እንዲህ መልሻለሁ።

ከጠባሴ፦ ከተበላሸ ላፕቶፕ የዊንዶውሱን ቁልፍ አውጥቼ ለብቻው ብሸጠው ምን ችግር አለው?

ችግርማ አለው ወንድሜ። ከፋብሪካ ተጭኖ የሚመጣው ኦኢኤም ይባላል። በአዳዲሶቹ ላፕቶፖች ቁልፉ ማዘርቦርዱ ውስጥ ነው ያለው። የማይክሮሶፍት ውል ደግሞ ከማሽኑ ጋር እንጂ ለብቻው እንዲተላለፍ አይፈቅድም። ደህና የሚሠራ ላፕቶፕ ከሆነ ከነዊንዶውሱ ሽጠው፤ ማንም አይናገርህም።

ከሸዋ ሮቢት፦ ሱቄን ዘግቻለሁ። በካርቶን ከነካርዱ የገዛሁትን ዊንዶውስ ለወንድሜ ልጅ ልስጠው?

ጋሼ፣ ይስጡት። ይሄ ሪቴይል የሚባለው ነው፤ ለሌላ ሰው ይተላለፋል። መጀመሪያ ግን ከእርስዎ ኮምፒውተር ላይ ይጥፋ። ካርዱንና ደረሰኙንም አብረው ይስጡት። ቁልፉን ብቻ በስልክ አንብቦ መስጠት ነገ ያጨቃጭቃል።

ከደብረ ሲና፦ አውሮፓ ውስጥ ፍርድ ቤት ፈቅዷል ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው፣ ግን ሰዉ ግማሹን ብቻ ነው የሚያወራው። ዩዝድሶፍት የሚባል የጀርመን ድርጅት ኦራክል የተባለውን የሶፍትዌር ኩባንያ ያገለገሉ ፈቃዶች ይሸጥ ነበር። ኦራክል ከሰሰው። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ሐምሌ 3 ቀን 2012 ፈረደ፦ ጊዜ ያልተወሰነለት ፈቃድ በገንዘብ ከተሸጠ፣ ከኢንተርኔት የወረደ ቢሆንም፣ ገዢው መልሶ መሸጥ ይችላል።

ሰው የሚዘለው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። ሻጩ የራሱን ቅጂ ከጥቅም ውጭ ማድረግ አለበት። የተረፈውንም ቆርሶ መሸጥ አይችልም። የኦራክል ፈቃድ ለ25 ሰው በጥቅል ነበር የሚሸጠው፤ 27 ሠራተኛ ያለው ሁለት ጥቅል ይገዛል። ታዲያ 23ቱ ተረፉኝ ብሎ ገበያ መውጣት የለም።

አሜሪካ ደግሞ ሌላ ነው። አንድ ሰው ያገለገለ አውቶካድ (የንድፍ መሥሪያ ሶፍትዌር) ኢቤይ በሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ ሲሸጥ ከሠሪው ከአውቶዴስክ ጋር ተካሰሱ። እ.ኤ.አ. በ2010 ይግባኝ ሰሚው፣ ሶፍትዌሩን መጀመሪያ ከአውቶዴስክ የወሰደው ድርጅት ፈቃድ እንጂ ባለቤትነት አልነበረውም አለ። ስለዚህ ሻጩ ተረታ።

ከዚያው ጠያቂ፦ እኛ አገርስ?

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምንም ይጠብቃል። ቅጂ ለሕዝብ በሽያጭ ማሰራጨት የመብቱ ባለቤት ድርሻ ነው። የአውሮፓው ፍርድ እዚህ አያስገድድም። እኔ ብሆን ሳላነብ «እስማማለሁ» ብዬ የተጫንኩትን ውል ፈልጌ አነብ ነበር። ነገር ሲመጣ መጀመሪያ የሚገለጠው እሱ ነው።

ከመሐል ሜዳ፦ ቴሌግራም ላይ በርካሽ የገዛሁት ቁልፍ ሠርቶልኛል። ከሠራ ሕጋዊ አይደለም እንዴ?

አይደለም እህቴ። መሥራቱ የሚነግርሽ ቁልፉን የሚያጣራው ሰርቨር መቀበሉን ብቻ ነው። ራስሽ አጣሪው። ሲኤምዲ የሚባለውን የዊንዶውስ ትእዛዝ መጻፊያ ክፈቺና ኤስ-ኤል-ኤም-ጂ-አር፣ ክፍት ቦታ፣ ስላሽ፣ ዲ-ኤል-አይ ብለሽ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፊ። ትንሽ ሳጥን ብቅ ይላል። «ዲስክሪፕሽን» የሚለውን መስመር እስከ መጨረሻው እዪው። ሪቴይል ካለ ደህና ምልክት ነው፤ የማን እንደነበረ ግን አይናገርም። ቮልዩም ካለ ለድርጅት የተሰጠ ነው፤ ሻጭሽ ያ ድርጅት ነው? ኬኤምኤስ (ድርጅቶች ዊንዶውስን በራሳቸው ሰርቨር የሚያነቁበት ዘዴ) ከጨመረበትማ አክቲቬሽኑ፣ ማለትም ማንቃቱ፣ በ180 ቀን ውስጥ መታደስ አለበት። «ዕድሜ ልክ» ብሎ ከሸጠልሽ ዋሽቶሻል።

ከዓለም ከተማ፦ የአዶቤ ወርሃዊ ክፍያዬ ሁለት ወር ቀርቶታል፤ ልሽጠው?

አይሆንም። የተከራየኸውን ቤት ነው የምትሸጠው።

ከደብረ ብርሃን፦ ለትምህርት ቤታችን ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ልንገዛ ነው። ምን ይሻላል?

ዊንዶውስ 10 ከሆነ መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል፤ ለቁልፉ ብር አታውጡ። ለጽሕፈትና ለሂሳብ ሰንጠረዥ ሊብሬኦፊስ የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ይበቃል። በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራው ኡቡንቱም በነፃ ይጫናል፤ አማርኛ ይጻፍበታል፤ ቅጂውን ለተማሪዎች ብታድሉም ፈቃዱ አይከለክልም። የግድ ዊንዶውስ ካላችሁ ከነማሽኑ ግዙ። ደረሰኙ ላይም የፈቃዱ ዓይነትና የማሽኑ መለያ ቁጥር ይጻፍ። ሻጩ «ይሄ ምን ያደርጋል?» ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ።